የወላጅ ቅዳሜ

ባለፈው ነሐሴ፣ ፍልሰታ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ልጄ ሶስና ከሥራ መልስ ወደ እኔ ጎራ አለች። መገናኛ አካባቢ ባንክ ውስጥ ነው የምትሠራው። ነፋሱ ጃንጥላዋን ገልብጦባት ጸጉሯ ርሶ ገባች። ሻይ አፈላሁላት። ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠችና ስልኳን አወጣች። ልጇ ኤልዳና ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ትገባለች፤ የምትገባውም እናቷ በተማረችበት በሲስተሮቹ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ ከወላጅ የሚፈለገውን ዝርዝር በቴሌግራም ልኳል።

«ስሚ እስቲ እማዬ» አለችኝ። «ሹራብ ሁለት። ነጭ ካልሲ ስድስት ጥንድ። የስፖርት ጫማ፣ ነጭ ብቻ፤ ጎኑ ላይ ቀለም ያለበት አይፈቀድም። ሶፍት አንድ ደርዘን። ደርዘን ሶፍት ለአንዲት ልጅ! ምን ሊያደርጉበት ነው?»

«ይጠቀሙበታል» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ ሁሌ ለእነሱ ነሽ።» ጣቷን ወደ ታች ሳበች። «ይኸው፣ መጨረሻው ላይ። የወላጅ ቅዳሜ፣ በወር አንድ ጊዜ። መምጣት የማይችል ወላጅ በምትኩ መዋጮ ማድረግ ይችላል።»

«አሁንም አለ?»

«አሁንም አለ። ብቻ አሁን ከፍሎ መቅረት ይቻላል።»

 ከዚያ እሷ ወደ ካልሲው ተመለሰች። እኔ ግን ልቤ ወደ ኋላ ሄደ። ሶስና የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት ቤታችን ውስጥ የተናገርኩት ነገር አለ። ሰምታኝ እንደሆነ ለማወቅ ስፈልግ ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬያለሁ። ጠይቄያት አላውቅም።

ያኔ የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነበር፤ ከዋናው መንገድ ተነጥሎ ሽቅብ በሚወጣው ኮረኮንች ላይ፣ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት። የቤቱ ኪራይ ዛሬ ለአንድ ሰው ቁርስ አይበቃም። ዳቦ በስሙኒ ነበር፤ ስሙኒ ማለት ሃያ አምስት ሳንቲም መሆኑን ለኤልዳና ሳስረዳት የተረት ገንዘብ ይመስላታል። ታክሲ እስከ አራት ኪሎ በሃምሳ ሳንቲም ይወስደን ነበር፤ ሃምሳውን ለሌላ ነገር ስንፈልገው ቁልቁለቱን በእግር እንወርደዋለን። መታጠፊያው ላይ ካሴት ቤት ነበር። ባለቤቱ አንድ ካሴት ከወደደ ሳምንቱን ሙሉ እሱኑ ያጫውታል፤ ሙዚቃውን ወደ ገበያ ስሄድ እሰማዋለሁ፣ ስመለስም እሰማዋለሁ። ዘፈን አልዘፍንም፤ የእነዚያን ዘፈኖች ግጥም ግን እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። ከምን እንደምቆጥረው አላውቅም። ክረምት ሲገባ የእንጦጦ ጉም እስከ ጓሯችን ይወርድ ነበር፤ የሰቀልነው ልብስ ሦስት ቀን ሳይደርቅ ይሰነብታል። አሁን ያ ተራራ ፓርክ ሆኗል። የልጅ ልጄ ብስክሌት ልትነዳበት ትወጣለች። ያኔ ግን ተራራውን የምናውቀው በብርዱ ነው።

ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ነፍሱን ይማርና። ሄዶ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። እኔ የሐበሻ ቀሚስ እጠልፍ ነበር። በሳምንቱ መሐል ቤቴ እሠራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሾላ ገበያ፣ የአንዲት ባለሱቅ ሴት መደብር ውስጥ ተቀምጬ ልክ እወስዳለሁ። ቅዳሜ ገበያው የሚደምቅበት ቀን ነው፤ ለሳምንቱ የምጠልፈውን የማገኘውም ያን ዕለት ነው።

ሶስናን ሲስተሮቹ ዘንድ ሳስገባት ሰው ሁሉ የጠየቀኝ ስለ ክፍያው ነበር። ክፍያው ትንሽ ነው። ከክፍያው ጀርባ ስላለው የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አንዱ ኮሌታው ነው። ቡናማ ሹራብና ግራጫ ጉርድ ቀሚስ ይለብሳሉ፤ ከላዩ ነጭ ኮሌታ አለ፣ በቁልፍ የሚነቀል። ኮሌታው በየቀኑ ነጭ መሆን አለበት። በየቀኑ ታጥቦ፣ በፉርኖ ዱቄት ውሃ ተነክሮ፣ በከሰል ካውያ ይተኮሳል። ካልሲው እስከ ጉልበት ነው፤ ላስቲኩ ከላላ ልጅቷን ወደ ቤት ይመልሷታል። በግንቦት እመቤታችንን ለማክበር አበባ ይዛ ትሄዳለች፤ ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ የለም። ለትምህርት ቤቱ በዓል እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ድፎ ዳቦ ያመጣል። በዓመት ሁለት ጊዜ አረጋውያንን ለመጠየቅ ሲሄዱ ልጅቷ ባዶ እጇን አትሄድም፣ ሳሙና ይዛ ነው። አንድ ክረምት ደግሞ በወተት ቆርቆሮ የተተከለ ችግኝ አምጡ ተባለ። ለምን ልጆችን ችግኝ እንደሚያስመጡ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ጠየቅሁት። «የተከለች ልጅ አትነቅልም» አለኝ። ደስ ስላለኝ እየደጋገምኩት ቁልቁለቱን ወረድኩ።

የንስሐ አባታችን የካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው ብለው አልከለከሉኝም። «ትማር» አሉኝ፤ «ጾሟን ግን እንዳታስፈቺያት።» ሲስተሮቹም ጾሟን ያከብሩላት ነበር። ስለዚህ አመሰገንኩ፣ ኮሌታውንም ተኮስኩ።

አራተኛ ክፍል ስትገባ አዲስ ኃላፊ መጡ፣ ሲስተር ለተማርያም። ረጅም ናቸው፣ ሲራመዱ ድምፅ የላቸውም። ከእሳቸው በፊት ወላጆች በፈቃዳቸው እየመጡ ግቢ ያጸዱ ነበር፤ ያለው ሰው ሠራተኛውን ይልካል፣ የሌለው ራሱ ይመጣል። ሲስተር ይህን አይተው ደንብ ጻፉ። ወረቀቱን ሶስና ናት ያመጣችው፣ ማኅተም ያለበት። በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ከእያንዳንዱ ቤት እናት ወይም አባት ይመጣል። ሠራተኛም ሆነ ወኪል መላክ አይቻልም። ሁለት ቅዳሜ የቀረ ወላጅ ልጁ በሚቀጥለው ዓመት ቦታ የላትም።

ወረቀቱን ይዤ ሉባባ ዘንድ ወረድኩ። ሉባባና ባሏ ሸምሱ ከስልጤ የመጡ ናቸው፤ ከእኛ በታች ትንሽ ሱቅ ነበረቻቸው። ከእህት የማትለይ ጎረቤት ነበረች። ማንበብ ስለማትችል አነበብኩላት።

«ሄጄ ልለምናቸው ነው» አልኳት።

«ምን ያስለምንሻል? እኔ እሄዳለሁ።»

«እናቷ አይደለሽማ።»

«ታዲያ ግንባሬ ላይ ተጽፏል? መጥረጊያ የያዘች ሴት ሁሉ አንድ ናት። አንድ ነጠላ ብቻ አውሺኝ። ደግሞ ስምሽ ማን ነው ሲሉኝ ምን ልበል?»

«ጥሩወርቅ በያ። የእኔን ስም።»

ሸምሱ ስኳር እየመዘነ ይሰማን ነበር። «አልሐምዱሊላህ» አለ። «ሌላ ኒካሕ ሳላስር ሁለተኛ ሚስት አገኘሁ። ጥሩወርቅ፣ እስቲ ያንን ጆንያ አቀብዪኝ!»

ሳቅን። እንዲያ እየሳቅን ነው የገባንበት። ማታ ሶስናን አስቀምጬ ነገርኳት፤ «ቅዳሜ ትምህርት ቤት እትዬ ሉባባ እናትሽ ናት። የጠየቀሽ ካለ እንደዚያ ትያለሽ።» «እሺ» አለችኝ። ታዛዥ ልጅ ነበረች። ሌላ የጠየቀችኝ ነገር የለም።

ስለዚህ በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ሉባባ ነጠላዬን ለብሳ ሽቅብ ትወጣለች፣ እኔ ወደ ሾላ እወርዳለሁ። ዘበኛው የሰፈራችን ሰው ነው፤ ሲጋራውን ከሸምሱ ይገዛል። «ዛሬስ በማን ስም ነው የምንገባው?» ይላታል አሉ፣ ግን አፉን ይዞ ኖረ። ሉባባ ስትመለስ ስለ ወለሉ ትነግረኛለች፤ እንጨት ነው፣ ሰም ይቀባል፣ ከዚያ ከእግር ሥር ጨርቅ ተደርጎ ይታሻል። «እስክስታ በይው» ትላለች፤ ታሳየኛለች። አንድ ቀን እንኳ ደከመኝ አላለችም። ይገርመኝ ነበር። ለእኔ ብላ ነው እያልኩ በልቤ እመርቃታለሁ። ሶስና ደግሞ መጀመሪያ መጀመሪያ የቅዳሜው ዋዜማ ሲደርስ «ነገ አንቺ ነሽ የምትመጪው?» ትለኝ ነበር። ከገና በኋላ መጠየቋን ተወች። ለመደች ብዬ ደስ አለኝ።

ሰኔ ገባ። ሉባባ ዘጠነኛውን ቅዳሜ ጨርሳ ነበር። አራተኛ ክፍል ሁለት ክፍል ተማሪ አለ፤ አምስተኛ ግን አንድ ክፍል ብቻ ነው። ግማሾቹ ልጆች ሌላ ትምህርት ቤት ሊፈልጉ ነው ማለት ነው። ማን እንደሚቀር ለመወሰን ሲስተር ለተማርያም የየልጁን ቤት ይጎበኛሉ የሚል ወሬ ሰማን። መቼ እንደሚመጡ ግን አይናገሩም።

ዓርብ ነበር፣ የሐዋርያት ጾም ገብቷል። ከሰዓት ዝናብ ሊጥል ሲያጉረመርም ደጃፉ ላይ ተቀምጬ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ እጠልፋለሁ። ቀና ስል ነጭ ጫማ አየሁ፤ ጭቃ ነክቶታል።

«የወይዘሮ ጥሩወርቅ ቤት ይኼ ነው?» አሉ።

ብድግ አልኩ። «ነው፣ ሲስተር።»

«አሉ?»

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ግን እሳቸው የሚያውቋት ጥሩወርቅ ሌላ ናት፤ ዘጠኝ ቅዳሜ ወለላቸውን ያሸችው። እኔ ነኝ ካልኩ ያቺ ማን ናት? የሶስና ቦታ ታየኝ፤ ባዶ ወንበር።

«የለችም» አልኩ። «ወጣ ብላለች።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ጎረቤት ነኝ።»

ውሃ ለመኑኝ። አስገብቼ አስቀመጥኳቸው። ውሃውን ሲጠጡ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ሄደ። እዚያ ፎቶ ነበረን፤ ፎቶ ቤት የተነሳነው፣ ኋላችን ሐይቅ የተሳለበት መጋረጃ ያለው፤ ባለቤቴ፣ እኔ፣ በመሐላችን የሦስት ዓመቷ ሶስና። ፎቶውን አዩት። እኔን አዩኝ። ብርጭቆውን ቀስ አድርገው አስቀመጡት።

«ጎረቤት ነዎት» አሉ፣ እንደ ጥያቄም እንደ ሌላም።

«አዎ፣ ጎረቤት።»

ሁለት ጊዜ ካድኩ። ዶሮ እንኳ አልጮኸብኝም።

«እንግዲያው ይንገሩልኝ» አሉ ሲነሱ። «ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ጥሩወርቅ መጥተው ይፈርሙ። ያልፈረመ ወላጅ ልጁ ዝርዝር ውስጥ አትገባም።»

ከወጡ በኋላ ዞር ስል ሶስና ውስጠኛው ክፍል መጋረጃ አጠገብ ቆማለች። እጇ እስከ ክንዷ አረፋ ነው፤ ኮሌታዋን እያጠበች ነበር። መቼ እንደመጣች አላየሁም። ፊቷን አየሁት፣ ምንም አልነበረበትም። «እማዬ፣ ሳሙናው አልቋል» አለችኝ። ይኸው ነው ያለችው።

ሳሙናውን ምክንያት አድርጌ ሱቅ ወረድኩ። ለሉባባ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

«በቃ፣ እፈርማለሁዋ» አለች።

«በጣትሽ? የመመዝገቢያ ቅጹ ላይ እናትየዋ ማንበብ መጻፍ ትችላለች ብለን አይደል የሞላነው?»

 ሉባባ ከሸምሱ ጆሮ ላይ እስክሪብቶውን ነጠቀች፣ የስኳር መጠቅለያ ወረቀት ሳበች፣ ጎንበስ አለች። ምላሷን በጥርሷ ይዛ ጻፈች። ፊደሎቹ የልጅ ፊደሎች ናቸው፣ ትልልቅ፣ አንዱ ወደ ጎን ያዘነበለ። ጥሩወርቅ ይላል።

ሸምሱ ሚዛኑን ተወው። «ማን አስተማረሽ?» አላት።

«ሶስና ናታ።» ወደ እኔ ዞረች። «መጥረጊያው እስከ አምስት ሰዓት ነው። ከአምስት እስከ ስድስት ልጆቹ ይመጣሉ። እያንዳንዷ እናቷ ጎን ትቀመጥና ታነብላታለች፣ በጣቷ እያሳየች። ሲስተር የሚፈልጉት ያንን ነው እንጂ ወለሉንማ ሠራተኞቻቸውም ያሹታል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ራስሽ ትሄጃለሽ።»

ፊት ለፊት ነው ያለችኝ፣ ሳትደብቅ። ልቆጣ ፈለግሁ፣ አልሆነልኝም።

«የራስሽንስ ስም ትጽፊያለሽ?» አላት ሸምሱ።

«እሱን ማን ጠየቀኝ? እዚያ ሉባባ የለችማ።»

ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። ሳሙናውን ረሳሁት። ሁሉም ነገር ተመቻችቶ ነበር፤ ሉባባ ሰኞ ሄዳ በስሜ ትፈርማለች፣ ሶስና አምስተኛ ክፍል ትገባለች፣ እኔ ሾላ እቀመጣለሁ። የሚጎድል ነገር የለም። ግን ዘጠኝ ቅዳሜ ሙሉ ልጄ ለሌላ ሴት ስታነብ እኔ የሰው ወገብ ስለካ ነበር። ለእኔ ጮክ ብላ አንብባልኝ አታውቅም። እንደማነብ ታውቃለች፤ ምን ያስነብባታል?

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ወደ ውስጥ አልገባሁም። ከቅጥሩ ጥግ ቆሜ ቅዳሴውን ከሩቅ ሰማሁ። ዘወትር ልጄን ጠብቅልኝ ብዬ ነበር የምጸልየው፤ ያን ቀን ቃሉ አልወጣልኝም። ልጅሽ የቷ ናት ብባል ምን እላለሁ?

ሰኞ ጠዋት ለሉባባ ሳልነግራት ሽቅብ ወጣሁ። ሲስተር ለተማርያም ቢሯቸው ውስጥ ነበሩ፤ ጠረጴዛው ላይ ወፍራም መዝገብ ተዘርግቷል።

«እኔ ጥሩወርቅ ነኝ» አልኳቸው። «የሶስና እናት። ዓርብ ዋሽቼዎታለሁ። በየቅዳሜው የምትመጣው ጎረቤቴ ናት፤ ሉባባ ትባላለች።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ይቀመጡ።»

«በፎቶው ነው?»

አይደለም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። መዝገቡን ወደ እኔ አዞሩት። በየቅዳሜው ወላጅ የሚፈርምበት ነው። በጣታቸው አሳዩኝ። የጥቅምቱ ፊርማ የተጠላለፈ ክር ይመስላል። ኅዳር ላይ አንድ ፊደል አለ። ታኅሣሥ ላይ ሁለት። ጥር ላይ ስሙ ሞላ፤ ከዚያ በኋላ እየተስተካከለ ይሄዳል።

«የራሷን ስም እንደ አዲስ የምትማር ሴት አጋጥማኝ አታውቅም» አሉ። «ከኅዳር ጀምሮ ገብቶኛል። ላስቆማት አልፈለግሁም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝና።»

ኅዳር ላይ ያለውን ፊደል በጣቴ ነካሁት።

«ዓርብ ግን» አሉ፣ «ልጅዎን ለምን ካዷት?»

«ቦታዋን እንዳታጣ ፈርቼ።»

«እኔ የመጣሁት እርስዎን ለማየት ነበር። ይነግሩኛል ብዬ ውሃውን ቀስ ብዬ ጠጣሁ።»

አለቀስኩ። አላባበሉኝም። መዝገቡን ዘጉና እንዲህ አሉ፤ «ዘጠኝ ቅዳሜ ቀርተዋል። ልጅቷ ከገባች በሚመጣው ዓመት በየሳምንቱ ይመጣሉ፣ በወር አንዴ አይደለም። ትገባለች ብዬ ቃል አልሰጥዎትም። ዝርዝሩ ሐምሌ ላይ በሩ ላይ ይለጠፋል። ጎረቤትዎ ከፈለገች ትምጣ፤ በራሷ ስም።»

«እሺ» አልኩ። ፈረምኩ። ፊርማዬ ከሉባባ የባሰ ወጣ።

ዝርዝሩ የተለጠፈ ቀን ዝናብ ነበር። ወረቀቱ ላይ ፕላስቲክ አልብሰውት ጤዛ ይዞታል። ሉባባ ሰውን እየገፋች ከፊቴ ሄደች፣ በጣቷ ከላይ ወደ ታች ወረደች፣ አፏ እየተንቀሳቀሰ። «ሶ… ስ… ና» አለች። ከዚያ ጮኸች። ከኋላ የቆመች አንዲት ወይዘሮ «ልጅሽ ናት?» አለቻት። «የእሷ ናት» አለች ሉባባ፣ ወደ እኔ እያመለከተች።

ባለሱቋን ሴት ቅዳሜ አልመጣም ስላት «ቅር አይበልሽ» አለችኝና በሳምንቱ ሌላ ሰው አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ በየመንደሩ እየዞርኩ ነው ሥራ የፈለግሁት። ሁለት ዓመት ያህል ችግር ቤታችን ተቀመጠ፤ ሽሮው ቀጠነ፣ የሶስናን ሹራብ ክርን ሦስት ጊዜ ጠቀምኩት። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው። ግን በየቅዳሜው አምስት ሰዓት ሲሆን እጄን አደርቅና አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ። ሶስና ትመጣና ታነብልኛለች። ሉባባም ትመጣ ነበር፤ በራሷ ሻሽ፣ በራሷ ስም። እናቷ ከሞተችባት ልጅ ጋር አስቀመጧት። አሁን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፤ በስልክ ረጅም ረጅም ጽሑፍ ትልክልኛለች፤ መነጽሬን እስካገኝ ሌላ ትጨምርበታለች። ስለዚያ ዘመን ሳስብ እግዚአብሔር ይመስገን ነው የምለው። ልጄ ተማረች፣ ጎረቤቴም ተማረች። የቀረኝ ያቺ ዓርብ ብቻ ናት።

ሶስና የኤልዳናን ካልሲ ቆጥራ ጨርሳ ቀዝቃዛውን ሻይ ትጠጣ ነበር።

«ሶስና» አልኳት። «ሲስተር ለተማርያም ቤታችን የመጡበትን ዓርብ ታስታውሻለሽ?»

«ውሃ የሰጠሻቸው ቀን?»

አወቀችው። «የት ነበርሽ ያኔ?»

«መጋረጃው ጋ። ኮሌታዬን እያጠብኩ።»

«ያልኩትን ሰምተሻል?»

«ጎረቤት ነኝ ያልሽውን? ሰምቻለሁ።»

ዓመታት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ተውኩት። «ምን አልሽ በልብሽ?» ብቻ አልኳት።

ስልኳን ገልብጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። አሰበች። «ጎበዝ ናት አልኩ» አለች።

«ጎበዝ?»

«እኔ የመጀመሪያው ቅዳሜ እትዬ ሉባባን እናቴ ናት ስል ተንተባትቤ ነበር። ሌሎቹ ሳቁብኝ። ከዚያ ማታ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ እለማመድ ነበር። እናቴ ናት፣ እናቴ ናት እያልኩ። አንቺ ግን ሳትለማመጂ ነው ያልሽው። ገረመኝ።» ትንሽ ሳቀች። «እኔን ያስደነገጠኝ ሰኞ ነው እማዬ። በክፍሉ መስኮት ስትገቢ አየሁሽ። ልታስወጪኝ የመጣሽ መሰለኝ። አንድ ቦታ ላይ ስዋሽ ተሳስቻለሁ፣ በእኔ ምክንያት ተነቃብን ብዬ ጠረጴዛው ሥር አለቀስኩ። ቲቸር ሆዴን ያመመኝ መስሏት ውሃ ሰጠችኝ።»

ጎዳናው ላይ የሚያልፍ መኪና ውሃ ረጨ። እኔ ሁለት ጊዜ ዋሸሁ፤ ሁለቱንም ቆጥሬ፣ ለንስሐ አባቴ ተናግሬ፣ ሰግጄ ጨርሻለሁ። የእሷ በቁጥሬ አልነበረም። አሥር ዓመቷ ነበር። ማን ተለማመጂው አለሽ ልላት ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር፤ ያልኳት እኔ ነኝ።

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ለዓርቡ?»

«ለቅዳሜዎቹ።»

ተይው እማዬ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። የልጅ ነገር ነው፣ አልፏል፣ ምን ሆነሽ ነው ትለኛለች ብዬ። እንደዚያ አላለችም። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ ብሎ ሄደ። ብድግ አለች፣ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ጉልበቴን ነካች፤ ትልልቅ ሰዎች በሽማግሌ ፊት ሲታረቁ እንደሚያደርጉት።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለችኝ።

ይቅር የሚባለው የተበደለ ሰው ሲኖር ነው። ጉልበቴ ላይ ያረፈውን እጇን ያዝኩ።  ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ታክሲ እስክታገኝ እስከ መንገዱ ሸኘኋት።